ወፍጮው ሳይቆም ድንጋዩ እንዴት ይወቀራል?

ብዙ ሰው ዘወትር የሚገለገልበትን ሰርቨር ስለ ማደስ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ሲሰሙት የባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ይኸውም ሌትና ቀን ብዙ ሰው የሚገለገልበት ሰርቨር፣ በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ሲያረጅ ወይም እንከን ሲገኝበት በምን ሥርዓት ይታደሳል የሚለው ጥያቄ ነው። ነገር ግን ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠ፣ የፈተና ውጤቱን በኮምፒውተር የሚያይ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በኮምፒውተር የሚያስረክብ ተማሪ ሁሉ ወደደም ጠላም በዚህ ጉዳይ ውስጥ አለበት። ከጥቂት ዓመት በፊትም ይኸው ጉዳይ የተማሪን ስም በአገሩ ሁሉ እስከ ማስነሣት ደርሶ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን፣ በአገራችንና በውጭ አገር የደረሰውን እያመለከትን፣ በመጨረሻም በሥራ ላይ ሊውል የሚችል ሥርዓት እናቀርባለን።

ከእነዋሪ ወፍጮ ቤት የተማርነው

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ሁለታችን ከደብረ ብርሃን ተነሥተን በደነባ በኩል ወደ እነዋሪ ሄደን ነበር። የሞረትና ጅሩን ዋልካ አፈር በክረምት የረገጠ ሰው ጭቃውን አይረሳውም። ከዘመዶቻችን ጋር እህል ይዘን ወፍጮ ቤት ስንደርስ ወረፋው ከበሩ ውጭ ወጥቷል፤ ስንዴ የያዘው፣ ጤፍ የያዘው፣ ባቄላ ሊያስከካ የመጣው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ዱቄቱ ያን ቀን ሻካራ ሆኖ ይወጣ ነበርና አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ድንጋዩን ምነው ሳትወቅረው ቀረህ?» ብለው ጠየቁት። ባለ ወፍጮውም፣ «እማማ፣ አሁን ከወቀርሁት ይህ ሁሉ ሰው ሳያስፈጭ ሊመለስ ነው፤ የገበያው ሰው ይሸኝና ማታ እወቅረዋለሁ» ሲል መለሰላቸው።

ማታ ተመልሰን ሥራውን ተመለከትን። ሞተሩን አጠፋ፤ የላይኛውን ድንጋይ አነሣ፤ በመዶሻ እየመታ ወቀረው፤ ጠርጎ መልሶ ገጠመው። ከዚያ በኋላ የሰው እህል አላስገባም። በመጀመሪያ ፉርሽካ ፈጨና ደፋው፤ የተወቀረ ድንጋይ ሲጀምር አሸዋ ይጥላልና። ቀጥሎ ከራሱ ስንዴ ጥቂት ፈጭቶ በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ በምላሱ ቀመሰው። ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ መቼም ቆሟል፤ ያረጀውን ቺንጋም አብረን እንለውጠው እንጂ» ቢለው፣ «ሁለቱን ባንድ ሌሊት ነክተን ነገ ቢጮህ የትኛው እንደሚጮህ በምን እናውቃለን? ቺንጋው ለሌላ ቀን» አለው።

ይህ ሰው ሰርቨር አላስተዳደረም። ነገር ግን ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሊያውቀው ከሚገባው ነገር አብዛኛውን በዚያች ሌሊት አስተማረን። ሰዓት መረጠ፤ ምክንያቱን ለተገልጋዩ ነገረ፤ በራሱ እህል አስቀድሞ ሞከረ፤ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለወጠ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ድንጋዩን ሳይወቅር ዓመቱን ሙሉ አልተወውም።

ማሻሻያ ማለት ምንድን ነው?

ሰርቨር ማለት ለብዙ ሰዎች ባንድ ጊዜ የሚያገለግል ኮምፒውተር ነው። በውስጡ የሚሠራው ሶፍትዌር እንደ ፎቅ ቤት ተደራርቦ የቆመ ነው። ከሥር ከርነል የሚባለው አለ፤ በላዩ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ቤተ መጻሕፍት ይመጣሉ፤ ከዚያ ዳታቤዙ፤ ከሁሉ በላይ እኛ በዓይናችን የምናየው አገልግሎት ይቀመጣል። የታችኛው ሲነካ የላይኛው ሊናወጥ የሚችለው ስለዚህ ነው።

ማሻሻያዎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የደኅንነት ማሻሻያ ሲሆን ሌባ ሊገባበት የሚችለውን ቀዳዳ ይደፍናል። ሁለተኛው ስሕተትን ያርማል። ሦስተኛው አዲስ ነገር ይጨምራል። እነዚህን ሦስቱን ባንድ ዓይን ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ቀናት ቢዘገይ ያስጠይቃል፤ ሦስተኛው ግን አንድ የትምህርት ዘመን ቢቆይ ማንንም አይጎዳም።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚስቱትን አንድ ነገር እንጨምር። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ማሻሻያ ሲጫን በዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ይለወጣል እንጂ፣ ቀድሞ ተነሥቶ በመሥራት ላይ ያለው ፕሮግራም በማኅደረ ትውስታው የያዘውን አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። ፕሮግራሙ ቆሞ እስኪነሣ ድረስ ቀዳዳው አልተደፈነም። ከርነሉ ከሆነ ደግሞ፣ የተለየ የማስተካከያ ዘዴ ካልተዘጋጀ በቀር፣ ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ መነሣት አለበት። «ጭኛለሁ» ብሎ ዳግም ሳያስነሣ ወራት የተቀመጠ ሠራተኛ፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን በውጭ በኩል እንደ ተወ ሰው ነው።

ሁለት ዓይነት ጥፋት

በዚህ ሥራ ሰው የሚጠፋባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጨርሶ አለማደስ ነው። «የሚሠራውን አትንካ» የሚል አባባል በየቢሮው ይሰማል። ይህ አባባል ለአንድ ሳምንት ጥበብ ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ዓመት ግን ስንፍና ነው። ማይክሮሶፍት በመጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. በዊንዶውስ ላይ የተገኘ አንድ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አውጥቶ ነበር። ከ59 ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። መድኃኒቱ ተሠርቶ ሳለ የታመሙ ሰዎች ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ያለ ሥርዓት ማደስ ነው። ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ኩባንያ በሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012) አዲስ ፕሮግራም ሥራ ላይ አዋለ። ስምንት ሰርቨሮች ነበሩት፤ አዲሱ ፕሮግራም በሰባቱ ላይ ተጭኖ ስምንተኛው ተረሳ። ሥራውን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰው አልተመደበም። ገበያው ሲከፈት ስምንተኛው ሰርቨር ለዓመታት ተኝቶ የነበረውን አሮጌ ክፍል ቀስቅሶ ያለ ልክ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። ሠራተኞቹ በድንጋጤ አዲሱን ፕሮግራም ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ ቢያነሡት አሮጌው በሁሉም ላይ ተነሥቶ ነገሩን አባባሰው። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት የማስጠንቀቂያ መልእክቶች በኢሜይል መጥተው ነበር፤ ማንም ቁም ነገር አላላቸውም።

በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እንከን ያለበት ማሻሻያ ለደንበኞቹ ባንድ ጊዜ ላከ። በ78 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ቢያነሣውም፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚያህሉ ኮምፒውተሮች ወድቀው ነበር፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮችም ሰው በእጁ አንድ በአንድ እስኪያስነሣቸው ድረስ አልተነሡም። አስቀድሞ ለመቶ ኮምፒውተሮች ብቻ ልኮ አንድ ሰዓት ቢጠብቅ ኖሮ የሚወድቁት መቶዎቹ ብቻ በሆኑ ነበር።

በአገራችን የደረሰው

ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የሆነውን ከአንባቢዎቻችን የማያስታውስ ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ደርሶ፣ ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከግቢ ወደ ግቢ በረረ፤ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ባሉት ኤቲኤሞች ፊት ተማሪው በሌሊት ተሰለፈ። ባንኩ ለሰዓታት አገልግሎቱን አቋረጠ። ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም በተለመደ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ ጊዜ የተፈጠረ ችግር እንደ ሆነ ተገለጠ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ በጊዜው የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አቤ ሳኖም የሚመልሱት በወንጀል እንደማይከሰሱ ተናገሩ። ከ10 ቀን ያህል በኋላ ባንኩ ያለ አግባብ ከተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ገንዘብ ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው መመለሱን አስታወቀ። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ለሕዝብ ይፋ አደረገ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው ሙያን የሚመለከት ነው። ከማሻሻያ በኋላ ሥርዓቱን ስንፈትን ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው፣ «ማድረግ የሚገባውን ያደርጋልን?» ብለን ነው። መቶ ብር ያለው ሰው ሃምሳ ብር ቢጠይቅ ይሰጠዋልን? ይሰጠዋል፤ እንግዲያው ደኅና ነው እንላለን። ነገር ግን ከዚህ የማያንስ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ «መከልከል የሚገባውን ይከለክላልን?» የሚለው ነው። መቶ ብር ያለው ሰው ሺህ ብር ቢጠይቅ እንቢ ይለዋልን? የሌላውን ሰው ውጤት ልይ ያለውን ተማሪ ይመልሰዋልን? «እንቢ» ማለቱ ያልተፈተነ ሰርቨር አልተፈተነም። ገንዘብንና ምስጢርን የሚጠብቅ ሥርዓት ደግሞ ሲጠራጠር መዝጋት እንጂ መክፈት የለበትም። ሁለተኛው ትምህርት የሕሊና ነውና በመጨረሻ እንመለስበታለን።

የራሳችን ጥፋት

የሌላውን ስሕተት ስንዘረዝር የራሳችንን ብንደብቅ አንባቢ አያምነንም። ከመካከላችን ሦስት ሰዎች ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን የሚያስቀምጡበትን አንድ ሰርቨር እንድንጠብቅ ኃላፊነት ተሰጥቶን ነበር። የማስረከቢያው ቀን አራት ቀን ሲቀረው ዳታቤዙን ወደ አዲሱ ዋና ዕትም አሳደግነው። አዲሱ ዕትም የአሮጌውን መዝገብ እንዳለ ማንበብ እንደማይችል፣ መዝገቡ ለብቻው መተርጐም እንዳለበት መመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር፤ አላነበብነውም። ልንጠግነው ስንታገል መዝገቡን አበላሸነው። «ግድ የለም፣ በየሌሊቱ የሚቀዳ መጠባበቂያ ቅጂ አለ» ብለን ሄደን ብናይ ዲስኩ ሞልቶ ለሦስት ሳምንት የተቀዳው ፋይል ሁሉ ባዶ ነበር። የስሙ ዝርዝር አለ፤ በውስጡ ግን ምንም የለም።

የሦስት ሳምንት ሥራ ጠፋ። በላፕቶፑ ሌላ ቅጂ የነበረው ተማሪ ዳነ፤ ያልነበረው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ገና ጻፈ። ከነርሱ አንዷ በኮምፒውተር ክፍሉ ተቀምጣ ስትሠራ፣ ከመካከላችን አንዱ ይቅርታ ሊጠይቃት ቢቀርብ፣ «ወንድሜ፣ ይቅርታውስ ይቅርታ ነው፤ ያን ቅጂ አንድ ቀን እንኳ ከፍታችሁ አይታችሁት አታውቁም?» አለችው። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ሥርዓቱ

1ኛ፤ ያለህን ዕወቅ። በሰርቨሩ ላይ ያለውን ፕሮግራም ሁሉ፣ የዕትሙን ቁጥርና ማን እንደሚገለገልበት በመዝገብ ጻፍ። ያልጻፍኸውን ልታድስ አትችልም።

2ኛ፤ ማሻሻያውን በወገኑ ለይ። የደኅንነቱን ፈጥነህ፣ የስሕተት ማረሚያውን በወር አንድ ጊዜ፣ አዲስ ዕትሙን በዕረፍት ወራት ጫን። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የደኅንነት ማሻሻያን ብቻ በራሱ እንዲጭን ማድረግ፣ እንደ ዳታቤዝ ያለውን ብርቱ ነገር ግን ሰው ካላዘዘው እንዳይነካ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሞ መመሪያውን አንብብ።

3ኛ፤ በራስህ እህል ሞክር። ዋናውን የሚመስል መሞከሪያ ሰርቨር ይኑርህ። አሮጌ ኮምፒውተር ቢሆንም ከምንም ይሻላል። የሚፈቀደውንም የሚከለከለውንም ፈትን።

4ኛ፤ ቅጂ ያዝ፤ ቅጂውንም መልሰህ ሞክር። ተመልሶ ያልታየ ቅጂ ቅጂ አይባልም። ከቅጂዎቹ አንዱ ከዚያ ሰርቨርና ከዚያ ሕንፃ ውጭ ይቀመጥ። ቅጂው ባዶ ወይም ከትላንቱ በጣም ያነሰ ሲሆን የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አብጅ።

5ኛ፤ የመመለሻውን መንገድ አስቀድመህ ጻፍ። «በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልተስተካከለ ወደ ነበረበት እንመልሳለን» የሚለው ውሳኔ ሳትደነግጥ በቀን የሚወሰን እንጂ በሌሊት በላብ የሚወሰን አይደለም። መመለሱም ራሱ ይሞከር፤ ናይት ካፒታልን ያባባሰው ያልተሞከረ መመለስ ነውና።

6ኛ፤ ሰዓት ምረጥ፤ ንገርም። ሰርቨሩ የትኛው ሰዓት ላይ ጥቂት ሰው እንዳለው በግምት ሳይሆን ከመዝገቡ ተመልከት። የማስረከቢያ፣ የምዝገባና የደመወዝ ሳምንት አይነካ። ዓርብ ማታ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ሰው በሌለበት መተውም አይገባም። በእኛ አገር ደግሞ የሰዓት አቆጣጠር የራሱ ወጥመድ አለው። ብዙ ሰርቨሮች የሚቆጥሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን የእኛ ከርሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል። «ሌሊት 8 ሰዓት» ለማለት 02፡00 ብሎ የሚጽፍ ሰው ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። 8 ቁጥርን እንዳለ በአገር ሰዓት ለተሞላ ሰርቨር የሰጠ ደግሞ ከጧቱ 2 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሥራ ሲገባ፣ ሰርቨሩን ያጠፋዋል። በማስታወቂያውም በትእዛዙም ላይ ሁለቱን አቆጣጠር ጐን ለጐን ጻፍ።

7ኛ፤ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር፤ በየደረጃውም። ብዙ ሰርቨር ካለ አስቀድሞ አንዱን፣ ቆይቶ ግማሹን፣ በመጨረሻ ሁሉን አድስ፤ ካለቀ በኋላም አንድም አለመረሳቱን ቁጠር።

8ኛ፤ ሁለት ሰው ይኑር። አንዱ ሲሠራ ሌላው ዝርዝሩን እያነበበ ያረጋግጥ። ከዚያም ቢያንስ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለህ የስሕተት መዝገቡን ተመልከት። ያልተለመደ ነገር፣ ለምሳሌ በሌሊት ድንገት የበዛ ጥያቄ፣ ከታየ ዝም አትበል።

9ኛ፤ የሠራኸውን ጻፍ። ቀኑን፣ የነካኸውን፣ የተበላሸውንና የተስተካከለበትን መንገድ። የሚቀጥለው ተረኛ የዛሬ ተማሪ ነውና አንተ ስትመረቅ ዕውቀቱ አብሮህ መሄድ የለበትም።

ሳያቆሙ ማደስ

በዚህ ርእስ ላይ ያነሣነውን ጥያቄ እንመልስ። ፈጽሞ ሊቆም የማይችል አገልግሎት ሲሆንስ? መልሱ ሁለት ድንጋይ ያለው ወፍጮ ቤት ነው። አንዱ ሲወቀር ሌላው ይፈጫል። ሁለት ሰርቨሮች ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ ከፊታቸው ተገልጋዩን የሚያከፋፍል ሌላ ይቆማል። አከፋፋዩ አዲስ ተገልጋይ ወደ አንደኛው እንዳይልክ ይታዘዛል፤ በውስጡ ያሉት ጨርሰው ሲወጡ ይታደሳል፤ ይፈተናል፤ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሁለተኛው ተራ ይሆናል።

ነገር ግን ዳታቤዙ ለሁለቱም አንድ ከሆነ በሽግግሩ ጊዜ አሮጌውም አዲሱም ፕሮግራም ያንኑ መዝገብ ያነባሉ። ስለዚህ የመዝገቡ ለውጥ በሦስት እርምጃ ይሁን። በመጀመሪያ አዲሱን ዓምድ ጨምር፤ አሮጌውን አትንካ። ቀጥሎ አዲሱን ፕሮግራም በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ጫንና የቀድሞውን መረጃ ወደ አዲሱ ዓምድ ቅዳ። አሮጌውን ዓምድ የሚያነብ ማንም እንደሌለ ካረጋገጥህ በኋላ ብቻ፣ በሌላ ቀን፣ አንሣው። አዲሱ ድልድይ ሳይሻገሩበት አሮጌውን የሚያፈርስ የለም።

የተገልጋዩ ድርሻ

በመጨረሻ ወደ ሕሊና ትምህርቱ እንመለስ። ያን ሌሊት ከሒሳቡ በላይ ያወጣው ተማሪ፣ «ስሕተቱ የባንኩ ነው» ብሎ ራሱን አጽናንቶ ይሆናል። ስሕተቱ የእርሱ አልነበረም፤ እውነት ነው። ገንዘቡም የእርሱ አልነበረም፤ ይህም እውነት ነው። በእነዋሪ ባለ ወፍጮው ስልቻ ቢያሳስትና የጎረቤት ዱቄት ቤታችን ቢገባ፣ እናቶቻችን ሳይፈቱ ይመልሱታል እንጂ ጋግረው አይበሉትም። ገንዘቡን ሳይጠሩ የመለሱ ተማሪዎች ይህን ከቤታቸው ይዘው የመጡ ናቸው።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ ነገ የሰርቨሩ ጠባቂዎች ነን። በባንኩ፣ በሐኪም ቤቱ፣ በመብራት ኃይሉ የሚቀመጠው ከዚህ ግቢ የወጣው ነው። ዛሬ የተከፈተ በር ሲያይ የሚገባ ሰው፣ ነገ በሩን ሲጠብቅ ማን ያምነዋል? ስለዚህ ሁለቱን ባንድነት እንማር፤ እንከን ስናይ ማስታወቅን፣ ሥራ ሲሰጠን ደግሞ ድንጋዩን በጊዜው መውቀርንና የመጀመሪያውን ዱቄት ራሳችን መቅመስን።